ፋርስን ወክለን ኦክላንድ የወረድን ጊዜ

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሳን ሆዜ ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ ነጩን ከቀለሙ ስለይ። የደወለችልኝ የወንድሜ ልጅ ሄርሜላ ናት። ሄርሜላ እዚሁ አገር ተወልዳ ኦክላንድ ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛ ደህና አድርጋ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል።

«አክስቴ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ። ምን ሆናችሁ?»

«ኖ ኖ፣ ሁሉም ፋይን ነው። ጀስት... አባዬ ቅዳሜ ሊዋጋ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከግሪኮች ጋር። ውሃ ላይ።»

ወንድሜ ጋሽ ኃይሉ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ ገና ሲያይ ይነጫነጫል። ኦክላንድ፣ አፕታውን በሚባለው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ስለሚጠብቅ፣ መጀመሪያ የመሰለኝ ከአንድ ግሪካዊ ባለመኪና ጋር ተጣልቶ ነው። «ፖሊስ ያውቃል?» አልኳት።

«አክስቴ፣ ቸርቹ ነው የላከው» አለችኝ።

ከሰኞ ጀምሮ እየጾምኩ ነበር። እሁድ ተረኛ ስለነበርኩ ጉባኤ አልሄድኩም፤ በስልክ «ስለ ታላቅ ጉዳይ ሦስት ቀን እንጹም» የሚል መልእክት ደርሶኝ፣ ጉዳዩ ምንድን ነው ሳልል ጀመርኩ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴን ባዶ ያዋልኩት ለፋርስ ባሕር ኃይል ኖሯል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጉባኤያችን የራሱ ሕንፃ የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ የምናመልከው ሬድውድ ሲቲ ወደቡ አጠገብ ባለ የጀልባ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የጥንት መርከብ የሚወዱ ሰዎች ማኅበር ንብረት ነው፤ እኛ ጠርገን፣ ወልውለን እናስረክባለን፣ እነሱ ደግሞ በነጻ ያስገቡናል። ፓስተራችን ሲሰብክ ከራሱ በላይ ሁለት ረጃጅም ጀልባዎች በገመድ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ትንሽ ይወዛወዛሉ። ማኅበርተኞቹ በየመስከረሙ ኦክላንድ ወርደው ግሪኮች ፋርስን በባሕር የገጠሙበትን የሳላሚስ ውጊያ በጀልባ ያሳያሉ። ግሪክ መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ዘንድሮ ግን ፋርስ የሚሆን ጠፋ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው፣ እኛ ፕሮፌሰሩ እንለዋለን፤ መጀመሪያ የሳን ሆዜ ኢራኖችን ለመነ። እነሱም «ፍጻሜውን እናውቀዋለን» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወደኛ መጣ። እኛ ፍጻሜውን አናውቅም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አማኝ ለፋርስ ሊቀዝፍ ይገባዋል ወይ? አንዱ ተነሥቶ፣ ይህ የፋርስ ንጉሥ እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ የገዛው፣ ያንን ስድስት ወር የፈጀ ግብዣ ያበላው፣ ወላጅ አልባዋን ልጅ ያነገሣት ንጉሥ ነው፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ በእሱ ጥላ ሥር ነበር፤ ስለዚህ ወገናችን ፋርስ ነው አለ። እልልታ ሆነ። ያቺ ንግሥት ሦስት ቀን ጾማ የለ? እኛም እንጹም ተባለ። ጦርነቱን ማን እንዳሸነፈ ሳይጠይቅ ጾም የሚያውጅ ጉባኤ ከኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ፓስተራችንም በመጨረሻ «የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አዳራሹ ሊወስን ነው፤ ከበሮአችሁ በዛ የሚሉ አሉ። ቅዳሜን በደንብ ከተወጣነው ግን አዳራሹ ለከርሞም የኛ ነው» አለ። ወንድሜ በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕርተኛ ስለነበር፣ ከመካከላችን የመርከብ መሪ የጨበጠ እሱ ብቻ ነውና አዛዥ ተደረገ።

እኔም ከምንከባከባቸው አሮጊት ልጆች ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። ወንድሜን ሸሚዙን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሐሙስ

ሁለት ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን፣ አራት ጥንድ ካልሲና አንድ ደብተር ይዤ ከሳን ሆዜ በባቡር ወጣሁ። መንገዱ አጭር ነው። አንባቢዎቼ አብዛኞቻችሁ ይህን አገር የማታዩት ስለሆናችሁ ግን እንደ ረጅም አድርጌ ብነግራችሁ ማን ያውቅብኛል።

ሳላውቅ የገባሁት ብስክሌት የሚጫንበት ፉርጎ ነው። በየፌርማታው ብስክሌት እየገባ፣ እየተደራረበ፣ በመጨረሻ እኔ ከአጥር ጀርባ እንዳለች ዶሮ ሆንኩ። ሬድውድ ሲቲ ደረስን። ብነሣ መውጫ የለም። አገር ቤት ቢሆን ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል፣ አለ ትላለህ፣ ትወርዳለህ። ባቡሩ ግን ማንንም አይጠይቅም። «ወራጅ አለ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። አንድ ጎልማሳ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፈገግ አለልኝ፤ ቦታ ግን አልለቀቀም። በሩ ተዘጋ። ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ወርጄ፣ ማዶ ተሻግሬ፣ በሚመለሰው ተሳፈርኩ። አዳራሹ ስደርስ አንድ ሰዓት አርፍጄ ነበር፤ ልምምዱ አልተጀመረም። ሐበሻ ቀዛፊዎች ገና በመንገድ ላይ ነበሩ፤ ግሪኮች ተሰልፈው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ግሪኮቹን ላስተዋውቃችሁ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የኮምፒዩተር ሰዎች ናቸው። ስድስት ወር በመቅዘፊያ ማሽን ተለማምደዋል። እጃቸው ላይ የልብ ምታቸውን የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ አንዳንዴ ከሰው ጋር እያወሩ ጎንበስ ብለው በሕይወት መኖራቸውን ያረጋግጣሉ። የኛዎቹ ደግሞ ታክሲ ነጂዎች፣ የአረጋውያን አስታማሚዎች፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ረዳትና ሁለት የኳየር ሰዎች ናቸው። ልምምዳቸው የአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

ፕሮፌሰሩ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀበለኝ። መርፈዴን አይቶ ምሳዬን በወረቀት ሸፍኖ አስቀምጦልኝ ነበር፤ ደረቅ ዳቦ መካከል ቅጠል። አገር ቤት ይህን ለእንግዳ ያቀረበ ሰው ሰፈር ይለቃል፤ እሱ ግን ቆሞ እስክጨርስ በደስታ ያየኛል። ጾሜን ከፈታሁ አንድ ቀን ነውና ባርኬ በላሁት።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ አስረዳን፤ ሄርሜላ ታስተረጉማለች። የዚያን ዘመን የጦር መርከብ መቅዘፊያው በሦስት ደርብ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጦ መቶ ሰባ ሰው ይቀዝፋል፤ የታችኞቹ የላይኞቹን ላብ ይጠጣሉ። ከፊት የነሐስ ቀንድ አለው፤ መሣሪያው መርከቡ ራሱ ነው። አቴናዎች ከማዕድናቸው ብር ቢወጣላቸው ቴሚስቶክሊስ የሚባል ብልጥ ሰው «አትካፈሉት፣ መርከብ ሥሩበት» አላቸው፤ ሠሩ። በኛ ጉባኤ ቢሆን እስከ ዛሬ የመርከብ ግዥ ንዑስ ኮሚቴ አባላት ምርጫ ላይ ነበርን። ፋርሶች ሲመጡ አቴናዎች ከተማቸውን ጥለው መርከብ ላይ ወጡ። ከዚያ ያው ቴሚስቶክሊስ ለፋርሱ ንጉሥ ለዜርክሲስ «ግሪኮች ሊሸሹ ነው፤ ቶሎ ገብተህ ያዛቸው» ብሎ የሐሰት መልእክት ላከ። ንጉሡ አመነ፤ ያን ሁሉ መርከብ በጠባቡ ውሃ ሰደደው። መገናኛ ታክሲ ተራ ዝናብ ሲጥል ታውቃላችሁ? ሁሉም በአንድ በር ልግባ ሲል ማንም እንደማይገባ? እንደዚያ።

ደግሞ የፋርስ መርከብ ቀዛፊዎቹ ፋርሶች አልነበሩም አለን። ፊንቄዎች፣ ግብፆች፣ ፋርስ የገዛቸው ግሪኮች ጭምር ናቸው። ይህን ስሰማ ልቤ ረጋ፤ እኛ መቅዘፋችን የታሪክ ስሕተት አይደለም።

ስለ ኢትዮጵያውያንም አነሣ። በንጉሡ እግረኛ ጦር ውስጥ ነበሩ፣ የነብርና የአንበሳ ቆዳ ለብሰው፣ ግማሽ ገላቸውን ኖራ ተቀብተው ነው የመጡት ብሎ ከካርቶን ውስጥ ነብር የመሰለ የብርድ ልብስ ጨርቅ አወጣ። ወንድሞች ተያዩ። «ይህማ አይሆንም» አሉ። ቅዳሜ የኳየሩን ወይን ጠጅ ጋውን እንዲለብሱ ተስማሙ። ፕሮፌሰሩ ንጉሣዊ ቀለም ነው ብሎ ተደሰተ።

ለኔም ሥራ ተገኘልኝ። ንጉሡ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ውጊያውን ሲያይ ጸሐፊዎች አጠገቡ ነበሩ፤ የትኛው አዛዥ ምን እንደሠራ ይመዘግባሉ። የሴቶች ኅብረት ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ጣት ወደኔ ዞረ። ፕሮፌሰሩ እየሳቀ፣ ያን ቀን ጸሐፊዎቹ ተሳስተዋል አለኝ። አርጤሚስያ የምትባል ሴት አዛዥ በፋርስ በኩል ነበረች፤ የግሪክ መርከብ ሲያሳድዳት የወገኗን መርከብ ወግታ አሰጠመች፤ ከኮረብታው ሲያዩ ጠላት ያሰጠመች መሰላቸውና በክብር ጻፏት። እኔ በዐይኔ ያላየሁትን እንደማልጽፍ እዚያው ነገርኩት።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰሩ ወንድሜን ይዞ አምስት ደቂቃ ተናገረ፤ አንድ እጁ ሌላውን ይገፋል፣ የተገፋው እጅ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ሄርሜላ ይህን ሁሉ ሰምታ ለአባቷ «ጠባቡ ጋ ስትደርሱ... ተጠንቀቁ ነው የሚለው» አለችው።

«ገብቶኛል» አለ ወንድሜ።

ዓርብ

ሐሙስን ያደርኩት ሬድውድ ሲቲ አንዲት እህት ቤት ነው፤ አልጋዋን ለቃልኝ ራሷ ሶፋ ላይ ተኛች። ጠዋት ሄርሜላ በመኪናዋ መጣች። ኋላ ወንበሯ ላይ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬቶች ተከምረዋል። ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጠው ድልድይ ሲቃረብ አንዱን አንሥቼ ለበስኩ።

«አክስቴ፣ ኢትስ ኤ ብሪጅ።»

«ድልድይም ሰው የሠራው ነው።»

ድልድዩ መካከል ላይ፣ ግራ ቀኙ ውሃ ሆኖ ሳለ፣ ሄርሜላ ጮክ ብላ ተነፈሰች። «አክስቴ፣ ፋርስ ይሸነፋል።»

«ማን ይላል?»

«ኤቭሪባዲ! ታሪኩ ነው። ግሪኮች ይመቱናል፣ ነጭ ባንዲራ እናወጣለን፣ ሰው ያጨበጭባል። ሐሙስ ፕሮፌሰሩ እሱን ነበር የሚለው።»

«ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?»

«እንዴት ብዬ? አባዬን በሰው ፊት ‹ተሸነፍ› ልበለው? ዩ ቴል ሂም!» እንባዋ መጣ። «በደንብ ማለት መሸነፍ ነው። ከተሸነፍን አዳራሹ ይሰጠናል። እነሱ ላይ ወጥተን ጀልባቸውን ከገጨን ደግሞ የሴፍቲ ሕግ ነው፤ ያስወጡናል።»

ተቆጣሁ። ተቆጥቼ ግን ራሴን ጠየቅሁት፦ እኔስ ብሆን ምን እል ነበር? ሰባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ታላቄ የሆነ፣ ሦስት ቀን የተጾመለት አዛዥ ነው። ከመኪናዋ ስወርድ ላይፍ ጃኬቱን ሳላወልቅ ነበር፤ በወንድሜ ሰፈር፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ሰው ሁሉ ዞር እያለ አየኝ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መስሏቸው ይሆናል።

የወንድሜ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ እሷም በቀዛፊዎች ጫማ ተሞልታለች። ስለዚህ ያደርኩት ጎረቤቱ ሐጃ ዘይነባ ዘንድ ነው። ሐጃ የወሎ ሰው ናት፣ ከደሴ፤ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ትኖራለች። በሩን ከፍታ ላይፍ ጃኬቴን አየችና «ወላሂ፣ በባሕር ነው እንዴ የመጡ?» አለችኝ።

«አንቺ በይኝ» አልኳት።

«እሺ፣ ግቢ እህቴ። አውልቂው፣ እዚህ ደረቅ ነው።»

አሁን ስለ ምግቡ። አገር ቤት ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሲሆኑ የሥጋው ነገር ይታወቃል፤ የማን ቢላዋ ነካው ይባላል። እኔ መንገድ ሙሉ የተጨነቅሁት በዚህ ነበር፤ እንዳላስቀይማት፣ ለኅሊናዬም እንዳልፈራ። ሐጃ ድስቱን ከፈተችው። ዓሣ። «ዓሣ ማንም አያርደው» አለችኝ። «አንቺም ነጻ፣ እኔም ነጻ።» እንዲህ ያለ ጥበብ በስንት ሽማግሌ ጉባኤ ፈልጌ አላገኘሁም። ችግሩ ዓርብ ምሳ ዓሣ፣ ዓርብ እራት ዓሣ፣ ቅዳሜ ቁርስም ዓሣ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ላይ ለባሕር ውጊያ እየቀለበችኝ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ወንድሜን ፍለጋ ወረድኩ። ጓሮ ውስጥ ቀዛፊዎቹን በሁለት ረድፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጦ መጥረጊያ አስይዟቸዋል። «ጎትት! ልቀቅ! ጎትት! አንተ ስልክህን!» ይላል። ድምፁ ሌላ ሰው ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ «ሰር፣ ቲኬትዎን» ከሚለው ድምፅ ጋር አይዛመድም። ጉልበቱ የታለ? ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እረፍት ሲሰጣቸው ወደ ጎን ወሰድኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትቆጣ።»

«በይ እስቲ።»

«ነገ... መሸነፍ አለባችሁ። ታሪኩ ነው። ግሪኮች ቀስ ብለው ሲነኳችሁ ነጭ ባንዲራ ታወጣላችሁ። የአዳራሹ ነገር በዚህ ላይ ነው ያለው።»

መጥረጊያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማን ነግሮሽ ነው?»

«ሄርሜላ። ለመናገር ፈርታ ነው።»

«ሰማሁሽ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሰማሁሽ አልኩ እኮ።» ወደ ቀዛፊዎቹ ተመለሰ። «ጎትት!»

ቅዳሜ

ውጊያው የሚካሄድበት ቦታ በኦክላንድና በአላሜዳ ደሴት መካከል ያለው ጠባብ ውሃ ነው። ሳላሚስም ደሴት ነች፤ ፕሮፌሰሩ ቦታውን የመረጠው በዚህ ነው። ልዩነቱ እዚህ ዳርቻው ላይ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው መብዛቱ ነው።

ዜርክሲስ የሆነው ፓስተራችን ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዘውድ መጫን ትዕቢት ነው ብለው ሸሹ፤ እሱ ግን የመቀመጥ ሥራ መሆኑን ሲሰማ ተስማማ። ተጣጣፊ ወንበሩን በወርቃማ የስጦታ ወረቀት ጠቅልለነዋል፤ ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። እኔ በስተቀኙ ደብተሬን ይዤ። ከኋላችን ጉባኤው በሙሉ። ሐጃ ዘይነባም በአንድ እጇ የሻይ ፔርሙስ፣ በሌላው አንድ ሣህን ይዛ መጣች። ሣህኑ ውስጥ ምን እንዳለ አልነግራችሁም።

ግሪኮች ቀጭን ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ በላዩ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ደርበው፣ የነሐስ ቀለም የተቀባ የስፖንጅ ቀንድ ጀልባቸው ላይ አስረው ቀረቡ። በስፖንጁ ቀስ ብለው ይነኩናል ነበር እቅዱ። ፕሮፌሰሩ ቴሚስቶክሊስ ሆኖ ከመሪው ቆሟል፣ ራሱ ላይ የጽዳት ብሩሽ የተሰካበት የራስ ቁር። የኛዎቹ ሃያ ሰዎች በወይን ጠጅ ጋውን፣ ወንድሜ ከኋላ። የኳየሩ መሪ የመቅዘፊያውን ምት ይሰጣል። መለከት ተነፋ።

መዝግቤያለሁ፦ ፋርሶች በመልካም ሥርዓት ወጡ። ግሪኮች ወደ ኋላ ቀዘፉ፤ ይህ ማታለያ ነው። ፋርሶች ተከተሏቸው። ሦስተኛው ቀዛፊ ጋውኑ መቅዘፊያ ውስጥ ገባበት፤ ተፈታ። ንጉሡ ውሃ ጠየቀ።

ጠባቡ ጋ ሲደርሱ አንድ ትልቅ መርከብ ጎታች የወደብ ጀልባ በዚያ በኩል አለፈ። ማዕበሉ ተነሥቶ ወደ እነሱ ሲንከባለል አየሁ። ሁለቱ ጀልባዎች ይወዛወዙ ጀመር። ግሪኮቹ ሊዞሩ ፈለጉ፤ ጎናቸው ወደኛ ሆነ። ሄርሜላ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ይሄኔ ፓስተራችን ከወርቁ ወንበር ብድግ ብሎ «ወገኖች፣ ሁላችን ዐይናችንን ጨፍነን ስለ ወንድሞቻችን ወደ ጌታ እንቅረብ!» አለ።

እናንተ ከኛ ጋር ያመለካችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ሲባል ሰው አያስብም። ልማድ ነው። ዐይን ይዘጋል፣ እጅ ይነሣል። ስድሳ የምንሆን ሰዎች፣ ንጉሡን፣ ጸሐፊዋን፣ የአዛዡን ልጅ ጨምሮ፣ ዐይናችንን ጨፈንን። በታሪክ የዚያ ውጊያ ወሳኝ ደቂቃ ሲደገም፣ የፋርስ ወገን በሙሉ አላየም።

የሰማሁትን ልጻፍ። የእንጨት ድምፅ፣ ቋ! ሲል። ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ። ለመጻፍ የማይመች የእንግሊዝኛ ቃል። ከዚያ ፓስተራችን «አሜን» አለ፣ ሁላችንም «አሜን» አልን፣ ዐይናችንን ገለጥን።

የግሪክ ጀልባ ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኗል። ግሪኮች በብርቱካናማ ጃኬታቸው እንደ ተበተነ ፍራፍሬ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አጥቶ የተገለበጠው ጀልባ ላይ ተጋድሟል። የኛ ጀልባ እንደ ቆመ ነው፤ ወንድሜ መሪው ላይ እጁን አሳርፎ፣ ጋውኑ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ አድማስ አድማሱን ያያል።

ማንም አልተጎዳም፣ ለስሙ ክብር ይሁን። ማሸነፍን የተለማመደ ሰው ስላልነበረ የኛዎቹ ትንሽ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ግሪኮችን አንድ በአንድ እየጎተቱ ወደ ጀልባቸው አስገቡ፣ ጋውናቸውን እያወለቁ አለበሷቸው። ዳርቻ ሲደርሱ ማን ግሪክ፣ ማን ፋርስ እንደሆነ አይለይም ነበር። ሐጃ ዘይነባ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ሣህኑም ዞረ፤ ግሪኮች ዓሣውን በሁለት እጅ ነው የበሉት።

የኮሚቴው ሴትዮ ነጭ ኮፍያ አድርጋ፣ ወረቀት መያዣ ሰሌዳዋን ታቅፋ መጣች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ በማዕበል ነው ወይስ ሆን ተብሎ? አደጋ ከሆነ አደጋ ነው። ሆን ተብሎ ከሆነ ግን በአዳራሹ ቦታ የለንም። የግሪክ ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቀዝፉ ስለነበር አላዩም፤ የኛዎቹም «ከመቅዘፊያችን ዐይናችንን አላነሣንም» አሉ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ያጣው ቀድሞ ነው፣ ማዕበሉ ሲነሣ። ከቅዝቃዜው እየተንቀጠቀጠ ፈገግ ብሎ ወደኔ አመለከተ፤ «ጸሐፊዋ አለች» አላት።

ደብተሬን ገለጥኩ። «ማዕበል ተነሣ» ይላል። ከዚያ አንድ ሙሉ መስመር ባዶ። ከዚያ «አሜን»።

ማታ ከመግባታችን በፊት ሐጃን በደረጃው ላይ ያዝኳት። እሷ ስትጸልይ ዐይኗን አትጨፍንም።

«አይተሻል አይደል?»

«ዐይኔ ተገልጦ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ከጠየቅሽኝ እውነቱን ነው የምነግርሽ፤ ዋሽቼ አላውቅም። እንግዳዬ ሆነሽ ሳለሽ ግን አትጠይቂኝ። ኃይሉ ጎረቤቴ ነው።» ቁልፏን ፈለገች። «ነገ ዶሮ ብገዛ ትበያለሽ ወይስ ዓሣ ይሁን?»

እሁድ

ዓሣ ነበር።

ከዚያ ሄርሜላ ይዛን ሬድውድ ሲቲ ወረድን። አዳራሹ ውስጥ አንዱ የጀልባ ገመድ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ የግሪክ ጀልባ ጎኑ ተሰንጥቆ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ፓስተራችን ስለ ትሕትና ሰበከ። ከበሮው በጣም ቀስ ብሎ ተመታ፤ ወንድሞች እንደ ሕፃን ራስ ነበር የሚዳስሱት።

ፕሮፌሰሩ ስብከቱ ሲያልቅ መጣ፤ ጋውኑን አጥቦ፣ ተኩሶ አጥፎ ይዞልን። በግሉ፣ አርባ ዓመት ይህን ውጊያ ሲያስተምር ፋርስ ሲያሸንፍ ማየቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ለወንድሜ ነገረው፤ ሄርሜላ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ቃል ሳትቀንስ አስተረጎመች። ኮሚቴው ግን ኮሚቴ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቀመጣል፤ የጸሐፊዋ መዝገብ ተሟልቶ፣ ተፈርሞ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ባዶ መስመር አይቀበልም።

ባቡር ጣቢያ የሸኘኝ ወንድሜ ነው። ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱ ተመልሶ መነጫነጭ ጀምሯል። መድረኩ ላይ ቆመን ቀጥታ ጠየቅሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም። ሆን ብለህ ነው?»

«አንቺ ምን ጻፍሽ?»

«ምንም።»

«ጥሩ ጸሐፊ ነሽ» አለኝና ጃንጥላዬን አቀበለኝ። ባቡሩ መጣ። በዚህኛው ጉዞ ከብስክሌቶቹ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሳን ሆዜ ከገባሁ ሰባተኛ ቀኔ ነው፤ ኮሚቴው ሊቀመጥ ሳምንት ቀርቶታል። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልፈርም አልችልም፤ ስድሳ ሰው ደግሞ በኔ አንድ መስመር ምክንያት መንገድ ላይ እንዲያመልክ አልፈልግም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት በዚያ የኦክላንድ ዳርቻ የነበራችሁ ሁሉ፣ ከጉባኤያችንም ሆናችሁ ከግሪክ ቤተሰቦች፣ ውሻ ስታንሸራሽሩ የቆማችሁትም ብትሆኑ፣ እለምናችኋለሁ። በስልካችሁ የቀረጻችሁ ካላችሁ። በተለይ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ በጸሎቱ መካከል አንድ ዐይኑን የገለጠ ካለ አይፈር፤ ለፓስተራችን አልናገርበትም፣ እኔም ልገልጥ ዳር ዳር ብዬ ነበር። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የወንድሜ እጅ መሪውን ያዞረው ማዕበሉ ከደረሰ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

በኋላ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፉልኝ። በፊት ከሆነም ጻፉልኝ፤ እሱን ግን በቴምብር፣ በመደበኛው ፖስታ ላኩት፤ አትቸኩሉ።